የተልባ እጅ

ላስ ቬጋስ ተቀምጦ ስለ ብርድ የሚያወራ ሰው ከገጠማችሁ አትሳቁበት። እኔም በፊት እስቅ ነበር። በጥር ወር በሸሚዝ ብቻ ሜሪላንድ ፓርክዌይ የተባለውን ጎዳና የሚሻገር ሰው፣ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ መኪናውን ወደ ተራራው ቢያወጣ በረዶ ጉልበቱን ይውጠዋል። ታች ፀሐይ፣ ላይ ጭጋግ። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ በገዛ ጣቶቼ ነው የተማርኩት። እኔ ደግሞ ሁሉንም ነገር የተማርኩት በገዛ ጣቶቼ ነው።

ለመኩራራት አይደለም፤ ሐሰት መናገር ስለማልወድ ነው። ትምህርት ቤት የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ አስተማሪም ተማሪም ራሴ ነኝ፤ እስካሁንም ከክፍሌ አንደኛ እወጣለሁ። ራዲዮ መጠገን ያወቅሁት አንድ ደህና ራዲዮ አበላሽቼ ነው። ጥርሴን ራሴ ነቅያለሁ፤ የነቀልኩት የታመመውን አለመሆኑ የገባኝ በኋላ ነው፣ አነቃቀሉ ግን እንከን አልነበረውም። እንግሊዝኛ ያጠናሁት ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬም «ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ» የሚለውን እንደ ውሃ አንቆረቁረዋለሁ፤ «እንደምን ዋልክ» ላይ ስደርስ ነው የምደናቀፈው።

በዚህ ሁሉ ዕውቀቴ ላይ ነው እንግዲህ እጅ ማሞቅ የተጨመረው።

ግርማ፣ ዊንቸስተር በሚባለው ሰፈራችን ከእኔ ቤት በታች ባለው ፎቅ የሚኖር ጎረቤቴ ነው። ካዚኖ ውስጥ ካርታ ያድላል። ጣቶቹ የዋዛ አይደሉም፤ ካርታው ከእጁ ሲወጣ ቦታውን አውቆ የሚሄድ ነው የሚመስለው። ዕጣ ደግሞ ይወደዋል። ወደዚህ አገር የመጣው በዲቪ ነው። እዚህ አጋዘን ለማደንም ፈቃዱ የሚገኘው በዕጣ ነው፤ ዓመታት የሚጠብቅ ሰው አለ፣ እሱ በሁለተኛ ሙከራው ደረሰው።

«ጋሼ፣ ሁለተኛ ዲቪ ደረሰኝ» አለኝ ደረጃው ላይ አስቁሞ።

«ከነቤተሰብህ ነው ወይስ ለብቻህ?» አልኩት።

ፈቃዱ በጠመንጃ አይደለም፤ በደጋን ነው። እሱ «ቦው» ይለዋል። እኔ «ደጋን በል፤ ከደጋኑ የሚወረወረው ደግሞ ቀስት ነው» ብዬ ቋንቋውን አርሜለታለሁ። ሚስቱ ሰብለ ደጋን የሚለውን ስትሰማ «ጥጥ ልትነድፉ ነው?» ብላ ሳቀችብን።

ሳቋ አልቆየም። ግርማ አደኑ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለልምምድ ተራራ ወጥቶ ደጋኑን በባዶ እጁ እንደያዘ ግማሽ ቀን ዋለ። የደጋኑ መያዣ ብረት ነው። በብርድ ጊዜ ብረትን እጅ አይዘውም፤ ብረቱ ነው እጅን የሚይዘው። በማግስቱ ሺፍት ሲገባ ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። አንዱ ካርታ ጠረጴዛውን አልፎ የአንዲት አሮጊት ብርጭቆ ውስጥ ገባ። አለቃው ጠርቶ፣ እንዲህ ያለ እጅ ሁለተኛ ካየሁ ከጠረጴዛው ትነሳለህ አለው። ሐኪሙ ደግሞ፣ ብርድ አንዴ የመታው ጣት ዳግመኛ ከተመታ ላይመለስ ይችላል ብሎ አስጠነቀቀው።

«ስለዚህ አይሄድም» አለች ሰብለ።

«ሰብሊ፣ ስንት ዓመት የሚጠበቅ ዕጣ እኮ ነው» አለ ግርማ።

«ጣትህስ በስንት ዓመት ዕጣ ይደርስሃል?»

አፌን የከፈትኩት ያን ጊዜ ነው። ማንም ሳይጠይቀኝ መናገር ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሙያ ነው።

«እጁን ለእኔ ተይው» አልኳት።

«ጋሼ፣ ይህ ራዲዮ አይደለም።»

«አስሩንም ጣት እንዳሉ አመጣልሻለሁ። ቆጥረሽ ትረከቢያለሽ።»

«እቆጥራለሁ» አለች። አልሳቀችም።

ሱቅ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የእጅ ማሞቂያ እንዳለ አውቃለሁ። ሌላ ሰው የፈጠረውን ገዝቼ ልጠቀም ከሆነ ግን ይህን ዕድሜ ሁሉ ለምን ኖርኩት? መጀመሪያ ጨው አሙቄ ካልሲ ውስጥ ሞላሁ፤ ካልሲው ተቃጠለ። ቀጥሎ ገብስ ቆልቼ ሞከርኩ፤ በመንገድ ላይ በልቼ ጨረስኩት። በሦስተኛው ተልባ ላይ ደረስኩ። የተቆላ ተልባ በእጃችሁ ይዛችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም፤ ሙቀቱን እንደ ቂም ነው የሚይዘው።

ተልባውን የሞላሁት ዕቃ ማጠቢያ የጎማ ጓንት ውስጥ ነው። ሱቁ ውስጥ የቀረው ጓንት የሰው ቆዳ መልክ ያለው ብቻ ነበር። እስከ ጣቶቹ ጫፍ ሞላሁና አፉን ሁለት ዙር ቋጠርኩት። ሁለት ለአሁን፣ ሁለት ለመቀየሪያ ብዬ አራት እጅ ሠራሁ። ክብደቱ የሰው እጅ ያህል ነው፤ ልስላሴውም እንደዚያው። እጃችሁን ኪስ ከታችሁ ስትጨብጡት መልሶ የሚጨብጣችሁ ይመስላል። ይህን እንደ ጉድለት አልቆጠርኩትም።

ፈጠራ ሳይፈተሽ አይታመንም። ሜሪላንድ ፓርክዌይ ላይ ምግብ ቤት ያለው አንድ ወዳጄ የሥጋ ማቀዝቀዣ ክፍል አለው፤ ደጋኑን በአንድ እጄ፣ የተልባውን እጅ በሌላው ይዤ በተሰቀሉት ሥጋዎች መካከል ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩ። ወጥ ሠሪዋ ሥጋ ልታወጣ ገባች። የያዝኩትን አየች፤ የያዘችውን ጣለች።

«አትደንግጪ» አልኳት፤ «እጁ የማንም አይደለም።»

ለማጽናናት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያ ወዳጄ ምግብ ቤት ስገባ ከበሩ አጠገብ ነው የሚያስቀምጡኝ።

የአደኑ ቀን ማለዳ አራቱንም እጆች አሙቄ ሙቀት የሚጠብቅ የምግብ ሳጥን ውስጥ አጋደምኳቸው። ተራራውን ስንወጣ ሳጥኑ ከኋላ ወንበር ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ ሳጥኑ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ» አለ ግርማ መሪውን እንደያዘ።

«ተልባው ነው። ሲቀዘቅዝ ቦታ ይለቃል።»

ተልባ ሲቀዘቅዝ ቦታ እንደሚለቅ ማን እንደነገረኝ ራሴን ጠየቅሁ። ማንም አልነገረኝም።

መኪናዋን ፓርክ አድርገን በእግር ስንወጣ ጭጋጉ ወረደብን። ወደ ኋላ ዞሬ ከተማውን ፈለግሁት፤ ያ ሁሉ ሆቴል፣ ያ ሁሉ መብራት ማንም እንዳልሠራው ሆኖ ጠፍቷል። ዛፎቹ አንድ በአንድ ብቅ ይሉና ስንጠጋቸው ከጠበቅነው ቦታ ትንሽ ፈቀቅ ብለው ይገኛሉ። ድምፅ የለም። ወፍ የለም። በረዶው የራሳችንን ኮቴ እንኳ ይውጠዋል። አጋዘን እንዳይሰማን በሹክሹክታ እንነጋገር ተባብለን ነበር፤ ባንባባልም ኖሮ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ አልነበረም።

ግርማ ሁለት እጁን ከነጓንቱ ኪሱ ከቶ ሁለቱን የተልባ እጆች ጨብጧል። ደጋኑን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ መያዣውን በሱፍ ካልሲና በብስክሌት ጎማ ጠቅልዬዋለሁ፣ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠልበት ማንገቻም አበጅቼለታለሁ። የቀሩት ሁለት እጆች ያሉበት ሳጥን ጀርባዬ ላይ ነው።

«ጋሼ» አለኝ ቆም ብሎ። «የቀኙ ጨበጠኝ።»

«ጥሩ ነው፤ ይሠራል ማለት ነው።»

«አይ፣ እኔ ሳልጨብጠው ነው።»

ማንገቻውን ትከሻዬ ላይ አስተካክዬ መንገዴን ቀጠልኩ።

ትንሽ እንደሄድን በረዶው ላይ የአጋዘን ኮቴ አገኘን፤ ወደ ቁልቁለቱ ይወርዳል። ግርማ «እዚህ ይጠብቁኝ፣ አይቼ ልምጣ» ብሎኝ ወረደ። አምስት እርምጃ ሳይሄድ ጭጋጉ ወገቡን ወሰደው፤ በስድስተኛው ራሱን ወሰደው።

ደጋኑን በግራ እጄ ይዤ ቆምኩ። ሰው ብቻውን ሲቆም አእምሮው ቃላት ይቆጥራል። ቋንቋችን ለእጅ ያልሰጠው ሥራ የለም ብዬ አሰብኩ። የተሸነፈ እጅ ይሰጣል። ያከበረ ደግሞ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል። መስጠት ሽንፈት፣ መንሳት አክብሮት የሆነበትን ምክንያት ለራሴ ሳስተምር ብቆይም ተማሪው አልገባውም።

ቀና ስል ፊት ለፊቴ አንድ ሰው ቆሟል።

መቼ እንደመጣ አላየሁም። ነጭ ልብስ ከነቆቡ ለብሷል፤ ፊቱን በጨርቅ ሸፍኗል፤ የሚታዩት ዓይኖቹ ብቻ ናቸው። በግራ እጁ ደጋን ይዟል። ለአንድ አፍታ መስተዋት ያየሁ መሰለኝ፤ ወዲያው መስተዋት ቢሆን በቀኙ ይይዝ ነበር ብዬ ራሴን አረጋጋሁ። ከተማርኩ አይቀር ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ቀኝ እጄን ዘረጋሁለት። እሱ እጁን አልሰጠኝም። ክንዱን ከፍ አድርጎ አንጓውን ሰጠኝ፤ እጅጌው እስከ ጫፉ ወርዶ ሸፍኖታል።

ደስታዬን አትጠይቁኝ። እጁ የቆሸሸ ወይም የረጠበ ጨዋ ሰው ለሰላምታ አንጓውን የሚሰጠው እኛ ዘንድ ነው። በዚህ በረዶ መካከል፣ በዚህ ጭጋግ ውስጥ፣ የወገን ሰው።

«የአገሬ ልጅ ነህ ለካ» አልኩት በሹክሹክታ።

አልመለሰም። አዳኝ አይጮህም ብዬ ይበልጥ አከበርኩት። ደጋኑን በማንገቻው ትከሻዬ ላይ ጥዬ አንጓውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ከጨርቁ ስር ጠንካራ ነው፤ ቀዝቃዛ ነው፤ የቀጠነም መሰለኝ።

«እንዴት ነው የቀዘቀዝከው? እጅህ ቢቆሽሽ ምን ችግር አለው፣ ሙቀት አይጠየፍም» አልኩና ሳጥኑን አውርጄ ከፈትኩት። የቀኙን የተልባ እጅ አንስቼ ወደ እጅጌው ጫፍ አስጠጋሁለት። «እንካ እጅ።»

አልያዘውም። አየው፤ ረጅም ጊዜ አየው። አጠቃቀሙ እንዳልገባው ተረዳሁና ከጨው ጀምሬ፣ በገብሱ አልፌ፣ ስለ ተልባው የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት። የሳጥኑ ክዳን ይህን ሁሉ ጊዜ ክፍት ነበር። በመጨረሻ የተልባውን እጅ በክንዱ ደረቱ ላይ ለጠፈው፤ ወገቡን ሰብሮ፣ ድሮ ለሹም እንደሚደረገው እስከ ጉልበቱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ። እኔም ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል የለም።

«ጋሼ፣ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?» አለ ግርማ ከኋላዬ።

«ከአገራችን ሰው ጋር።»

«የትኛው?»

አሳየሁት። ሰውየው የቆመበት በረዶ ያልያዘው ድንጋይ ነበር። ድንጋይ ኮቴ አይዝም አልኩት። «ድንጋዩ ድረስስ በምን መጣ?» አለኝ። ዙሪያውን አየሁ፤ ከእኔና ከግርማ ኮቴ ሌላ የለም። ሌላ ነገር ልናገር ስል ግን ድምፁ እንደ ወትሮው አለመሆኑን ልብ አልኩ።

ወድቋል። ቁልቁለቱ ላይ ተንሸራቶ በሁለት እጁ በረዶ ውስጥ ገብቷል፤ ጓንቱ ርሷል፣ ኪሱ ውስጥ ያሉት የተልባ እጆችም ቀዝቅዘዋል። የረጠበውን ጓንት ሳወልቅለት ጣቶቹ ሻማ መስለው ወጡ።

«ይሰማሃል?» አልኩት ጫፋቸውን ቆንጥጬ።

«የትኛውን ነው የያዙት?» አለኝ። ዓይኑ እኮ ጣቱ ላይ ነው።

ሳጥኑን አየሁ። የቀኙን ሰጥቼዋለሁ። የግራው እኔ ስደሰኩር በተከፈተ ሳጥን ውስጥ እንደ ዓሣ ቀዝቅዟል። ሰብለ «እቆጥራለሁ» ያለችው ጆሮዬ ላይ ጮኸ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የማውቀው ነገር አለቀብኝ።

የማላውቀውን አደረግሁ። ካፖርቴን ከፈትኩ፣ ሹራቤን ሰበሰብኩ፣ ሸሚዜን ገለጥኩና ሁለቱን እጆቹን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ክንዴን ገጠምኩበት። ብርዱ ልቤ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ደጋኑ ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሏል፤ እኛ ደረት ለደረት ገጥመን፣ አገጩን ትከሻዬ ላይ አድርጎ፣ በጭጋግ መካከል ቆምን። ያየን ሰው ቢኖር ምን ይል እንደነበር ማሰብ አልፈለግሁም፤ ያየን ሰው ሊኖር እንደሚችል ግን አስብ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ የግርማ ትንፋሽ ተቆረጠ።

«ጋሼ፣ ከኋላዎ አጋዘን ቆሟል።»

«ትልቅ ነው?»

«ቀንዱ ቅርንጫፍ ነው የሚመስለው። አሥር እርምጃ አይሆንም። ያየናል።»

«ጣትህ ተሰማህ?»

«ገና ነው።»

«እንግዲያው ለአንተ አልቆመም።»

እጁን ሊስብ ሞከረ። ክንዴን አጠበቅሁበት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ተረት፣ ቃል በቃል፣ ከነብብቱ የደረሰበት ሰው ከእኔ በፊት ይኖር እንደሆነ እንጃ። እሱ ሳበ፣ እኔ ያዝኩ። ሁለታችንም ድምፅ አላሰማንም።

ያን ጊዜ ሸተተኝ። የተቆላ ተልባ፣ ትኩስ፣ አሁን ከምጣድ እንደወረደ። የእኛ ሁሉ ቀዝቅዟል። ሽታው የመጣው ከጭጋጉ ውስጥ ነው። የአጋዘኑ ኮቴ በረዶውን ሲረግጥ ሰማሁ፤ ግርማ እንደነገረኝ አንገቱን አቅንቶ ወደ ሽታው ነው የሄደው፣ እንደተጠራ። ከዚያ ጸጥታ። ከዚያ የተወጠረ ጅማት ሲለቀቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ፣ አንዴ ብቻ።

«ጋሼ» አለ ግርማ።

«ሰምቻለሁ።»

«እሱን አይደለም። ጣቴን አመመኝ።» እንባው አንገቴ ውስጥ ገባ። «አስሩንም አመመኝ።»

እንዲህ ያለ ደስ የሚል ሕመም ሰምቼ አላውቅም።

ወደ መኪናው ወረድን። የመኪናዋ አፍንጫ ላይ በረዶው ተጠርጎ፣ መሐል ለመሐል፣ መዳፉ ወደ ሰማይ፣ ያ የቀኝ እጅ ተጋድሟል። ነካሁት። ተልባ ቂመኛ ነው ብያለሁ፣ ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ ቂም አይዝም፤ ከሰጠሁት ሦስት ሰዓት አልፏል። እጁ ይሞቃል። ከብዷልም። ግርማ አልነካም አለ። ሳጥኑ ውስጥ አስገባሁትና ሳጥኑን ከኋላ አስቀመጥኩ፤ ከተማው ተመልሶ እስኪታይ ድረስ ሁለታችንም ወደ ኋላ አልዞርንም።

ሰብለ በሩ ላይ ነበረች። የባሏን እጅ በእጇ ላይ ዘርግታ ከአውራ ጣቱ ጀምራ እያንዳንዱን እየተጫነች፣ «ይኼስ? ይኼስ?» እያለች ቆጠረች። እሱ በእያንዳንዱ «እህ» ይላል። አሥር ላይ ስትደርስ «ጌታ ይመስገን» አለች፤ ቀጥላም «እርስዎም ይባረኩ፣ ጋሼ።» ይህን ሁለተኛውን ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብላ ብትለው አልጠላም ነበር።

ከዚያ ስለ ሰውየው፣ ከሰላምታው እስከ «እንካ እጅ» ያለውን ለሁለቱም ነገርኳቸው፤ ሰብለ እየሰማች ጓንቶቹን ልታጥብ ሳጥኑን ከፈተች። ያንን የቀኝ እጅ አንስታ መዘነችው።

«ይህ ቋጠሮ የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ሁለት ዙር ነው።»

«ይህ አንድ ነው። በጥርስ ነው የተጎተተው፤ ምልክቱን ይዩ።» ወደ መብራቱ አስጠጋችው። «አጎቴ አንድ እጁን ካጣ በኋላ ከረጢት እንዲህ ነበር የሚቋጥረው። ባንዱ ይዞ፣ በጥርሱ ስቦ።»

ፈታችው። ተልባው የለም። በምትኩ የተቆላ የጥድ ፍሬ፣ እስከ ጣቶቹ ጫፍ፣ ለብ እንዳለ። ጎረቤት የላከላችሁን ዕቃ ባዶውን አትመልሱም፤ እሱም ባዶውን አልመለሰም።

«ጋሼ» አለ ግርማ ቀስ ብሎ። «ሰውየው አንጓውን ሰጠኝ ብለውኛል። እጁን አይተውታል?»

አሰብኩ። እጅጌው እስከ ጫፉ የወረደ ነበር። በግራው ደጋን ይዟል። ቀኙ ጠንካራ፣ ቀጭን፣ መጨረሻው ላይ ድፍን። የሰጠሁትን አልያዘም፤ በክንዱ ነው የለጠፈው።

«ቆሽሾ ነው ብዬ ነበር» አልኩ።

«ለእሱ ነው እንካ እጅ ያሉት?» አለች ሰብለ። በሁለት መዳፏ ፊቷን ሸፈነች፤ ትሳቅ ትጸልይ አልለየሁም።

ሰኞ ግርማ ሥራ ገባ፤ ካርታው እንደ ድሮው ቦታውን አውቆ መሄድ ጀመረ። እኔንም ስለ ብርድ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ደጋኑን በትከሻ፣ እጅን በብብት እላለሁ፤ ተልባውን አላነሳም። የጥድ ፍሬውን ሦስታችን በላነው፤ ጓንቱን አጥቤ አስቀምጬዋለሁ፣ ዕቃ ማጠቢያ ላደርገው አልደፈርኩም።

በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ሙያዬ፣ ብዙ ሰው እጅ ነስቶኛል። ቀኝ እጅ ሳይኖረው እጅ የነሳኝ ግን እሱ ብቻ ነው።